የሰፈራችን የፍሳሽ መስመር፣ ሁለት ክረምት ካለፈበት በኋላ

የሽንት ቤት ጉድጓድ መምጠጫ መኪናውን ድምፅ ከሩቅ እለየዋለሁ። 12 ዓመት ሙሉ ስጠብቀው ኖሬያለሁ። ሌሊት እመጣለሁ ብሎ ይቀራል። ጠዋት ሲባል ከሰዓት ይደርሳል። ዝናብ ከዘነበማ ጭቃው አያስገባውም፤ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ቱቦውን በሦስት ግቢ አሻግሮ ይዘረጋል። ሞተሩ ሲነሳ ጎረቤት ሁሉ መስኮቱን ይዘጋል። ልጆቼ የዚያን ቀን ከቤት መውጣት ያፍሩ ነበር።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለአንድ ቢያጆ 3,500 ብር እከፍል ነበር። በጋውን በሦስት ወር አንዴ፣ ክረምት ሲገባ ግን በየሦስት ሳምንቱ። ሥራዬ እንጀራ ጋግሮ ለሱቆች ማስረከብ ነው። ብዙ ውሃ እፈጃለሁ። ሊጡ ላይ ያቀረረውን ውሃ እደፋለሁ፣ በርሜሎቹን አጥባለሁ። ግቢው ውስጥ ደግሞ ሦስት ተከራይ አለ። ከእንጀራው የማገኘውን ጉድጓዱ ይበላብኝ ነበር።

አሁን መስመር ገብቶልናል። ሁለት ክረምት አይቷል። ከታችኛው ሰፈር ያሉ ሰዎች «እንዴት ነው? ያዋጣል?» እያሉ በየመንገዱ ያስቆሙኛል። መልሴ ረጅም ስለሆነ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። ባጭሩ ለሚፈልግ፦ አዎ፣ ያዋጣል። ግን ቱቦ በበሩ ስላለፈ ብቻ የተገላገለ ሰው አላየሁም። ዋናው ሥራ ያለው ከበሩ ወደ ውስጥ ነው።

ሰፈራችን አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ጫፍ ላይ ነው። በ2003 ዓ.ም. ስንገባ መንደር ነበር። ስንዴና ሽምብራ በሚዘራበት ማሳ መሀል የቤት ሠሪ ማህበራት ቦታ ተመርተው፣ እዚህም እዚያም መሠረት ተጥሎ ነበር። ቀድመው የነበሩት የገበሬ ቤቶች ከሰባት አይበልጡም። መጀመሪያ መብራት ገባ። ቀጥሎ ውሃ። ከዚያ አዋጥተን ኮብል አነጠፍን። ስለ ፍሳሽ ያነሳ ሰው አልነበረም። ሁሉም በየግቢው ጉድጓድ ቆፍሮ ክዳኑን ገጥሞ ዝም አለ። ቤቱ 20 ሲሆን፣ 50 ሲሆን፣ ፎቅ መሠራት ሲጀመር፣ ጉድጓዶቹም አብረው በዙ።

አፈራችን መረሬ ነው፤ ቤት የሚሠሩት ብላክ ኮተን ይሉታል። በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። በክረምት ያብጥና ውሃ አላሳልፍ ይላል። እኔ ይህን ከቤት ግድግዳ መሰንጠቅ ጋር ብቻ ነበር የማያይዘው። ሴፕቲክ ታንክ፣ ሰፈር ውስጥ ሴፍቲ ታንከር የምንለው፣ የሚሠራው ጠጣሩ ታች ሲረጋ ውሃው ደግሞ ወደ ማስረጊያው አልፎ መሬት ሲጠጣው ነው። መረሬ አይጠጣም። ስለዚህ ታንኩን የሚሞላው ውሃው ነው። ይባስ ብሎ በክረምት የመሬት ውስጥ ውሃ ወደ ላይ ከፍ ይልና በስንጥቁ ተመልሶ ይገባል። ያን ሁሉ ክረምት 3,500 ብር እየከፈልኩ አብዛኛውን የማስመጥጠው የዝናብ ውሃ ነበር።

የማይከፍለውስ? የማይከፍለው ሌሊት ክዳኑን ከፍቶ ወደ ጎርፍ መውረጃው ዲች ይለቀዋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ዲቹ ወደ ወንዙ ይወርዳል። በወንዙ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት አዲስ አበባ ሲገባ ሰፈራችን በፍርሃት ከረመ። ጥሬ ሰላጣ ከገበታችን ጠፋ። ልጆቹ እጃቸውን እንዲታጠቡ ቀኑን ሙሉ እንጮህ ነበር። ያን ሰሞን ነው እድር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጉድጓዳችን በግልጽ የተነጋገርነው። አንድ ሌላ ነገርም ተነሳ። አቃቂ የከተማዋ የጉድጓድ ውሃ ትልቅ ምንጭ ነው። የምንጠጣው ከሥር፣ የምንለቀው ከላይ። ያን ያነሱት ሰው ሲናገሩ ስብሰባው ጸጥ አለ።

እኚህ ሰው ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜያቸውን መንገድ ሥራ ላይ በቅየሳ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። ዋናው መስመር በአስፋልቱ ዳር ሲዘረጋ እያንዳንዱን ማንሆል፣ ማለትም ክዳን ያለውን የመስመሩን መክፈቻ ጉድጓድ፣ ሄደው ያዩ ነበር። እኛ ግን መስመሩ አለፈ ብለን ደስ አለንና ተቀመጥን። 14 ወር ሙሉ ከኛ መንገድ አንድም ቤት አልተቀጠለም። ሁሉም «መንግሥት ያስገባልናል» ብሎ ይጠብቃል። ቱቦው ባዶውን ከበራችን 200 ሜትር ርቀት ላይ ተቀበረ፣ እኛ ቢያጆ እንከፍላለን።

ጋሼ አንድ ቀን የካራቺን ታሪክ ነገሩን። ፓኪስታን ውስጥ ኦራንጊ የሚባል ትልቅ የድሆች ሰፈር አለ። በ1980 እንደ አውሮፓውያኑ አክታር ሐሚድ ካን የሚባሉ ሰው እዚያ ሥራ ጀመሩ። ነዋሪውን በየመንገዱ አደራጁት። አንድ መንገድ ላይ ያሉ 20፣ 30 ቤቶች አዋጥተው ሽንት ቤታቸውንና የመንገዳቸውን ቱቦ ራሳቸው አስገቡ። ትልቁን ማስተላለፊያና ማጣሪያውን ደግሞ መንግሥት ይሥራ አሉ። ጋሼ ይህን ጨርሰው «የኛ መንገድ 23 ቤት ነው» ብቻ ነው ያሉት። በሚቀጥለው እሁድ ኮሚቴ ተመረጠ። እኔም ገባሁበት።

የቀየስንበት ቀን አይረሳኝም። ጋሼ መሣሪያ አልነበራቸውም። የግንበኛ የውሃ ልክ አመጡ፤ ያው ውስጡ የሚታየው ቀጭን ላስቲክ ነው። ውሃ ሞልተው አንዱን ጫፍ ለልጄ፣ ሌላውን ለጎረቤቴ ልጅ ሰጧቸው። ልጆቹ ከበር በር እየሄዱ ይቆማሉ። ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል እስኪቆም እንጠብቃለን። ከዚያ ጋሼ በጠመኔ ግድግዳ ላይ ይሰምራሉ። «15 ሳንቲም ስፋት ላለው ቱቦ በ100 ሜትር አንድ ሜትር ይውረድ» አሉን። ከዚያ ካነሰ ቆሻሻው ይቀመጣል፣ ውሃው ብቻ ይሄዳል። ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ሰመርን። መንገዱ ሙሉ በነጭ መስመር ተሞላ። የኛ መንገድ ወደ አስፋልቱ ዘንበል ይላል። ከተማዋም ራሷ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ነው የምትወርደው፤ ማጣሪያው ቃሊቲ የተሠራው ለዚህ ነው፣ ያለ ፓምፕ በራሱ ቁልቁል እንዲሄድ።

ከሦስት ቤቶች በቀር ቁልቁለቱ ለሁሉም ቤት ሆነ። እነሱ ከመንገዱ በታች፣ ወደ ወንዙ ባጋደለው በኩል ናቸው። ግቢያቸው ከመንገዱ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይሄድም። ከሦስቱ አንዱ የእማማ ቤት ነበር። እማማ ከሁላችን በፊት እዚህ የነበሩ ናቸው። ዛሬ የኔ ምድጃ ያለበት ቦታ ላይ ሽምብራ ሲያጭዱ ነው የኖሩት።

በኮሚቴው አንድ ሰው «እነሱ ይቅሩ፣ በጉድጓዳቸው ይቀጥሉ» አለ። ገንዘብ እንዳይበዛ አስቦ ነው። ከክፋት አልነበረም። ጋሼ ግን «የ20 ቤት ፍሳሽ ከላይ ሰብስበን፣ ዲቹ ሞልቶ የሚያጥለቀልቀው ማንን ነው?» አሉ። ማንም መልስ አልነበረውም። በየክረምቱ የላይኛው ሰፈር የሚለቀው ሁሉ የሚገባው እማማ ደጅ ነው። በ2012 ክረምት ዶሮዎቻቸው አልቀውባቸዋል።

መፍትሔው በጓሮ ነበር። ሦስቱ ቤቶች ከኋላ ወደ ታችኛው መንገድ መስመር ሊቀጠሉ ይችላሉ። ግን ቱቦው በሁለት ሰዎች ግቢ ማለፍ አለበት። አንደኛው ወዲያው እሺ አሉ። ሁለተኛው እምቢ አሉ። እውነት አላቸው፤ አዲስ ሰርቪስ ቤት ሠርተዋል፣ ሴራሚክ አንጥፈዋል። «ነገ ቢፈነዳ ማን ይጠግንልኛል?» ነው ጥያቄያቸው። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላክን። በመጨረሻ እማማ ራሳቸው ቡና አፍልተው ጠሯቸው። እኔም ነበርኩ። እማማ ስለ ቱቦ አንድም ቃል አላወሩም። ቡናው ሦስተኛው ሲደርስ ብቻ «ልጄ፣ ያ ሰርቪስ ቤትህ ያለበት እኮ የኔ ላም የምትታሰርበት ነው» አሉ። ሰውየው አንገታቸውን ደፉ። ማግስቱን ጠዋት ጋሼን ጠርተው ከግድግዳውና ከአጥሩ መሀል ያለችውን 80 ሳንቲም ክፍተት አሳዩአቸው። በዚያች አለፈ። ሴራሚኩ አልተነካም። ከሰርቪሱ ጫፍ የመቆጣጠሪያ ጉድጓድ ሠራንላቸው፣ ቢዘጋ ከዚያ እንዲከፈት። ጥገናውም ከኮሚቴው ሣጥን እንዲሆን ተፈራረምን። ይህ ፊርማ የግድ ነው። በሰው ግቢ የሚያልፍ ቱቦ ያለ ወረቀት አታስገቡ፤ ቤቱ ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት ምንም አያውቅም።

ቁፋሮው በ2015 ዓ.ም. ጥር ተጀመረ። በቤት 9,500 ብር አዋጣን። ለማይችሉ አራት ቤቶች እድር አበደረ። ቁፋሮው ራሱ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ኮብል ይነሳል፣ አቧራ ይነሳል፣ መኪና ውጭ ያድራል። እኔ እንጀራውን በጋሪ እስከ አስፋልት አወጣ ነበር።

መነገር ያለበት ግን የመስታወቱ ነገር ነው። ተቋራጩ «ጨርሻለሁ፣ ልሙላው» ሲል ጋሼ «ቆይ» አሉ። ፊት መላጫ መስታወታቸውን ይዘው አንዱ ማንሆል ውስጥ ወረዱ። በሚቀጥለው ማንሆል ልጄ የእጅ ባትሪ አበራ። ቱቦው ቀጥ ካለ በመስታወቱ ሙሉ ክብ ብርሃን ይታያል። አንደኛው ላይ ጠሩኝና አየሁ። ልክ እንደ ሙሉ ጨረቃ ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ዝም አሉ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጨረቃዋ ግማሽ ናት። ቱቦው መሀል ላይ ሆድ አውጥቷል። ሥሩ አሸዋ ሳይደረግ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ፣ ከድንጋዩ ወዲያ ደግሞ ሰምጦ ነበር። ተቋራጩ «ይሄ ምንም አይልም» አለ። እንዲህ ያለ ሆድ ውስጥ ቆሻሻ ይቀመጣል፣ ዘይት ይረጋል፣ በዓመቱ ይዘጋል። ኮብሉ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ማን ያስቆፍረዋል? ቀሪ ክፍያውን ይዘን ስለነበር ስድስት ሜትር አስነሳነው። አሸዋ ተደርጎበት ዳግም ተኛ። የመስታወቱን ፈተና ሳታዩ የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ከያዛችሁ ይህን ያዙ።

ለመንገዱ መስመር ከ5 ሙሉ 5 እሰጠዋለሁ። እስካሁን አልሰመጠም፣ አልተሰነጠቀም።

ከበር ወዲህ ላለው ግን 2 ነው የምሰጠው። ጥፋቱም በከፊል የራሴ ነው፤ ልጣደፍ አልኩ። ከግቢዬ እስከ መንገዱ 11 ሜትር ናት። ርካሽ የጠራኝን ቧንቧ ሠራተኛ ያዝኩ። ሰውየው ሽንት ቤቱን ቀጠለ፣ ማድ ቤቱን ቀጠለ። ከዚያ የጣሪያውን አሸንዳ ውሃ አብሮ አስገባ። «ግቢሽ እንዳይጨቀይ» አለኝ፤ እኔም መልካም ሰው ብዬ አመሰገንኩት። ለካ በሌሎች አምስት ቤቶችም እንደዚሁ አድርጓል።

ሐምሌ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ያ የአቃቂ ዝናብ ወረደ። የስድስት ቤት ጣሪያ ውሃ በአንድ ጊዜ ወደዚያች 15 ሳንቲም ቱቦ ገባ። ከመንገዱ ታች ያለው ማንሆል ክዳኑን አነሳ። ያ ከባድ ክዳን ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ከሥሩ የወጣው የኛው ፍሳሽ ነው። ሰርቪስ ቤታቸው አጠገብ ያሳለፉን ሰውዬ ግቢ ድረስ ገባ። ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። ይቅርታ ጠይቄ፣ ተከራዮቼን ይዤ ሄጄ አጠብን።

የፍሳሽ መስመር የዝናብ ውሃ አይችልም። የዝናቡ መንገድ ሌላ ነው፤ በዲች፣ በግልጽ። ሁለቱን የሚያገናኝ ሠራተኛ ከመጣባችሁ አስቁሙት። እኛ በማግስቱ ስድስቱንም አሸንዳ ቆርጠን አወጣን። ከዚያ ወዲህ ክዳኑ ተነስቶ አያውቅም።

ሁለተኛው ጥፋት ማድ ቤቱ ነው። የሊጡ ውሃ፣ የዘይት እጣቢ፣ የወጥ ትራፊ በቀጥታ ይገባ ነበር። በአራተኛው ወር የኔ 11 ሜትር ተዘጋች። በዘንግ ሲከፈት የወጣው ነገር እንደ ሳሙና የጠነከረ ስብ ነው፤ ውስጡ ሊጥ ተጋግሮበታል። አሁን ከማድ ቤቱ ውጭ ትንሽ የቅባት መያዣ ገንዳ አለኝ። የብሎኬት ሥራ ናት፣ ሁለት ክፍል ያላት። ስቡ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሊጡ ታች ይቀራል፣ መሀል ያለው ውሃ ብቻ ያልፋል። ቅዳሜ ቅዳሜ በጭልፋ እገፈዋለሁ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሆቴል፣ ሥጋ ቤት ወይም እንደኔ የእንጀራ ሥራ ያለው ሰው ያለዚህች ገንዳ ባይቀጠል ይሻላል።

ለበዓል ጠላ የሚጠምቅ ቤት ደግሞ አተላውን ሽንት ቤት ይደፋል። እባካችሁ አትድፉ። አተላው ለከብት ነው፤ እማማ አሁንም ሁለት ላም አላቸው፣ በደስታ ይወስዱታል። ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ ጨርቅም እንደዚሁ በቆሻሻ ከረጢት ይሂዱ። ባለፈው ጥቅምት ዋናው መታጠፊያ ላይ ሲዘጋ የወጣው ዳይፐር ነበር፣ ሰባት ቆጠርኩ። ለመክፈት የመጡትን ልጆች ግን ማመስገን አለብኝ። ጠዋት ደውለን ከሰዓት ደረሱ። ውሃ በግፊት የሚረጭ መኪና ይዘው፣ ጓንትና ቦት ጫማ አድርገው፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ከፍተው ሄዱ። አካባቢውን አጥበው፣ ክዳኑን በትክክል ገጥመው። ሻይ እንኳ ለመጠጣት አልቆሙም፤ ሌላ ሰፈር ይጠብቃቸዋል። ለጥገናው 4 እሰጣለሁ። አንዷን የቀነስኩት በበዓል ሰሞን ስልክ ስለማይነሳ ነው።

ሌላው ችግር ከመቀጠሌ በፊት ማንም ያልነገረኝ ነው። ይህ መስመር ውሃ ይፈልጋል። ቱቦው ራሱን የሚያጥበው በቂ ውሃ ሲሄድበት ነው። እኛ ጋ ደግሞ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ሮቶ ያለው ከሮቶው ይጠቀማል። የሌለው በጆግ ይደፋል። በጆግ የተደፋ ውሃ ከግቢ ያወጣዋል፣ መንገድ ላይ ግን ይተወዋል። በተለይ የመስመሩ መጀመሪያ ላይ፣ ከላይ ያሉት ሦስት ቤቶች ጋር። ስለዚህ አንድ ልማድ ጀመርን። ውሃ በሚመጣበት ቀን ላይኞቹ ልብስ ያጥባሉ። የአጠባውን ውሃ በርሜል ሙሉ ያጠራቅሙና በአንዴ ይለቁታል። ጋሼ ታችኛው ማንሆል ጋር ቆመው ሲያልፍ ያዳምጣሉ። ይህን ከጀመርን የላይኛው ክፍል አልተዘጋም።

ወጪውን ልንገራችሁ። ለመንገዱ 9,500፣ ለግቢዬ 11 ሜትር 6,000 አካባቢ፣ ለተበላሸው ማስተካከያና ለቅባት ገንዳው ሌላ 4,200። በድምሩ ወደ 19,700 ብር። ለመምጠጫ መኪናው በዓመት ከ20,000 በላይ ይወጣብኝ ነበር። አሁን የፍሳሹ ክፍያ ከውሃ ቢሉ ጋር ነው የሚመጣው፤ ከአንድ ቢያጆ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በአንድ ዓመት ራሱን መልሷል። ተከራዮቼም አልለቀቁም፤ ድሮ በየክረምቱ አንዱ ይለቅ ነበር።

ይህ ሁሉ የት ይደርሳል ለሚል፣ ቃሊቲ ማጣሪያ ነው። አሮጌው ጣቢያ ኩሬዎች ነበሩ፣ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተሠራ። አዲሱ ለ100,000 ሜትር ኩብ ነው የተሠራው። ከተማዋ ምን ያህል እንዳደገች ከሁለቱ ቁጥሮች ይገባል። የልጄ ትምህርት ቤት ልጆቹን ወስዶ አስጎብኝቷቸው ነበር። ልጄ ማታ መጥቶ «እማዬ፣ ትላልቆቹ ገንዳዎች ውስጥ ትሎች አይደሉም የሚሠሩት፣ አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ናቸው» አለኝ። ቀጥሎ ውሃው ድንጋይ በመሰለ ነገር ላይ ይረጫል አለ፤ እዚያ ደግሞ አየር የሚፈልጉት ይቀበሉታል። እራት እየበላን ነበር። አላስቆምኩትም።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። መስመር ከገባላችሁ በኋላ የድሮውን ጉድጓድ እንዳለ አትተዉት። አስመጥጡት፣ ኖራ አድርጉበት፣ በአፈር ሙሉት፣ ደፍኑት። ክዳኑ አርጅቶ ልጅ ሊገባበት ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ የቀን ሠራተኛ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ እንዲጠርግ አታድርጉ። ውስጡ ያለው ጋዝ በደቂቃ ውስጥ ሰው ይጥላል። የሚሸትተው መጠኑ ትንሽ ሲሆን ነው፤ ሲበዛ አፍንጫ ያደነዝዛል፣ ሰውየው ሽታው የጠፋ ይመስለዋል። ሊያወጣው የገባውም አብሮ ይቀራል። በኛ አካባቢ አንድ ግቢ ሁለት ወንድማማቾች እንዲህ ሊቀሩ ነበር፤ በገመድ የተረፉት በዕድል ነው። የቀን ሠራተኞቹ «በ800 ብር እንገባለን» ብለው በር ያንኳኳሉ። የተቸገሩ ልጆች ናቸው። ሌላ ሥራ ስጧቸው። እኔ ጉድጓዴን በእነሱ በአፈር አስሞላሁ፤ በላዩ ላይ ጌሾ ተክዬበታለሁ።

ከ23ቱ ቤቶች 21ዱ ተቀጥለዋል። ሁለቱ ገና ናቸው፤ አንዱ ባለቤቱ ውጭ አገር ስላለ፣ ሌላው ወራሾች ስላልተስማሙ። የእማማ ግቢ ከተቀጠለ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ዘንድሮ ደጃቸው ጭቃ አለ፣ ፍሳሽ ግን የለም። ዶሮ ዳግም ገዝተዋል።

የታችኛው ሰፈር ሰዎች፣ ኮሚቴ እንዳቋቋማችሁ ሰምቻለሁ። የኛ ደብተር እኔ ጋ ነው። የየበሩ ልክ፣ የቱቦው ጥልቀት፣ በግቢ ያለፈበት ፊርማ፣ ለማን ስንት እንደተከፈለ፣ ሁሉም ተጽፎበታል። የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ከእድር በኋላ ኑና ገልብጡ። ጋሼም ይኖራሉ፤ መስታወቱን ለማዋስ ፈቃደኛ ናቸው። ላስቲኩን ግን ራሳችሁ ግዙ፤ የኛው ተሰንጥቋል።